ያልተጻፈን ማን ያነባል? ስለ «ግንዛቤ እጥረት» ከፎገራ ሜዳ የቀረበ ሙግት

በኢትዮጵያ የግብርና፣ የጤናና የሥራ ደኅንነት ሪፖርቶች ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኝ አንድ ሐረግ አለ፤ እሱም «የግንዛቤ እጥረት» የሚለው ነው። የተባይ ኬሚካል የረጨው ሰው ሲታመም፣ የወፍጮ ቺንጋ እጅ ሲይዝ፣ የመስኖ ሞተር ጭስ ጉድጓድ ውስጥ የወረደን ሰው ሲያፍን፣ በስልክ የተቀመጠ ገንዘብ በአጭበርባሪ ሲወሰድ፣ ምክንያት ተብሎ የሚጻፈው የተጠቃሚው አለማወቅ፣ መፍትሔ ተብሎ የሚጻፈውም «የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና» ነው። ከዚህ ልማድ በስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ ሲጠቃለል፣ መሣሪያ በራሱ ጥፋት የለበትም፣ አደጋ የሚመጣው ማንበብና መረዳት በማይችል ሰው እጅ ሲገባ ነው፣ ስለዚህ ሕዝቡ በተማረ መጠን አደጋው እየቀነሰ ይሄዳል የሚል ነው። አስተሳሰቡ ትምህርትን የሚያከብር ስለሚመስል ተቃዋሚ አይበዛበትም። ይሁን እንጂ በወረታ ከተማና በዙሪያዋ በተዘረጋው ፎገራ ሜዳ ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት በሆነው ነገር ሲመዘን ስሕተት ሆኖ ይገኛል፤ ስሕተት ብቻም ሳይሆን፣ ተጠያቂነትን ከአምራች፣ ከአስመጪ፣ ከነጋዴና ከተቆጣጣሪ ትከሻ አውርዶ ከሁሉም አቅመ ደካማ በሆነው ሰው ላይ የሚጭን በደል ነው።

ፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ከደብረ ታቦር ከፍታዎች ወርደው ወደ ሐይቁ የሚገቡበት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ የመረሬ መሬት ነው። መረሬ ማለት በክረምት ውሃ አቁሮ የሚያጣብቅ፣ በበጋ ደግሞ እግር በሚያስገባ ስንጥቅ የሚተረተር ጥቁር አፈር ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ላይ ያለችና ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ በመሆኗ፣ አዲስ ነገር ሁሉ ቶሎ ይደርሳታል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሩዝ፣ የሩዝ መፈልፈያ፣ የውሃ ሞተር፣ የተባይና የአረም ኬሚካል፣ ባጃጅና ተንቀሳቃሽ ስልክ ተከታትለው የገቡበት ገጠር ለእንዲህ ያለ ክርክር ጥሩ መፈተኛ ነው።

ከኬሚካሉ መጀመር ተገቢ ነው፤ «ግንዛቤ» የሚለው ቃል በብዛት የሚነገረው በእሱ ዙሪያ ነውና። የሩዙ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የሜዳው ገበሬ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ሽንኩርት በጥቃቅን ተባይ፣ ቲማቲም በዋግና በትል ስለሚጠቃ፣ መርጫውን በጀርባው ያዘለ ሰው በበጋው ወራት በየማሳው ይታያል። የሚረጨው ነገር በገበያው ቋንቋ «መድኃኒት» ይባላል፤ የአረም መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት፣ የነቀዝ መድኃኒት። ይህን ስም ከነጋዴው እስከ ባለሙያው ሁሉም ይጠቀምበታል። በአማርኛ መድኃኒት የሚያድን ነገር ነው። መርዝን መድኃኒት ብሎ ለሸጠ ማኅበረሰብ ገዢው ለምን እንደ መርዝ አልተጠነቀቀም ብሎ መጠየቅ አይገባውም፤ ስሙን ያወጣው ገበሬው ብቻውን አይደለምና።

ከስሙ የሚብሰው ግን ዕቃው የሚሸጥበት መንገድ ነው። አምራቹ ኬሚካሉን በሊትር ወይም በኪሎ አሽጎ ይልከዋል፤ የፎገራ ገበሬ ማሳ ግን ከሄክታር እጅግ ያነሰ፣ ኪሱም ሙሉ ጠርሙስ የማይችል በመሆኑ የሚፈልገው ጥቂት ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩ ይከፍለዋል፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ወይም በትንሽ ፌስታል ቀንሶ ይሸጥለታል። በዚያች ቅጽበት የኬሚካሉ ስም፣ የመርዛማነቱ ደረጃ፣ የመደባለቂያ ልኩ፣ ከተረጨ በኋላ ሰብሉ እስኪሸጥ መቆየት ያለበት የቀን ብዛት፣ ሁሉም ከዕቃው ይለያሉ። እንግዲህ ገበሬው ማንበብ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ምን ትርጉም ይኖረዋል? በሃይላንድ ጠርሙስ ላይ የሚገኘው ጽሑፍ የውሃ ማስታወቂያ ነው። የቋንቋ ሊቅም ቢሆን በሌለ ጽሑፍ ላይ የሚያነበው ነገር የለም።

ጽሑፉ ባለበትም ቢሆን ጥያቄው አይፈታም። በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መመሪያ መሠረት የኬሚካል መያዣዎች ግርጌ ላይ የሚደረገው የቀለም ቀበቶ ቀይ ከሆነ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ ከሆነ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ከሆነ አነስተኛ፣ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ በተለመደው አጠቃቀም ድንገተኛ መመረዝ የማያደርስ መሆኑን ያመለክታል። አረንጓዴ ለፎገራ ሰው የልምላሜ ቀለም ነው፤ ቀለሙ ስለ ረጅም ጊዜ ጉዳት የሚናገረው አንዳች ነገር እንደሌለ ግን ከቀለሙ አይታወቅም። ይህ የምልክት ሥርዓት የተሠራው ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ታስቦ ነው፤ ሆኖም ለማንበብ ከፊደል ያልተናነሰ ትምህርት ይጠይቃል። አንድ ምልክት ብዙ ሰው ካልተረዳው፣ የወደቀው ምልክቱን የሠራው እንጂ ያየው ሰው አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወቀሳ መከላከያ ልብስን የሚመለከት ነው። ገበሬው ጓንት፣ ጭንብልና ሙሉ ልብስ ሳያደርግ እንደሚረጭ ይነገርና ይህም የግንዛቤ ማነስ ማሳያ ተደርጎ ይወሰዳል። ነገር ግን ኬሚካሉ በሚሸጥበት ሱቅ ጭንብሉ በማይገኝበት፣ ቢገኝም ዋጋው ከቀን ሠራተኛ አቅም በላይ በሆነበት፣ ውሃ የማያስገባው ልብስም በመጋቢት ፀሐይ በሜዳው ላይ ለአንድ ሰዓት እንኳ የማይቻል በሆነበት ሁኔታ፣ ስለ ጭንብል ጥቅም ማስተማር ለተራበ ሰው ስለ ሥጋ ጥቅም እንደማስተማር ነው። ይህን ሐቅ የኬሚካሎቹን አጠቃቀም የሚመራው ዓለም አቀፍ ሰነድ ራሱ ተቀብሎታል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በኋላም ያሻሻለው የጸረ ተባይ አያያዝ የሥነ ምግባር ደንብ፣ ለመልበስ የማይመች፣ ውድ ወይም በቀላሉ የማይገኝ መከላከያ የሚጠይቁ ኬሚካሎችን፣ በተለይ በሞቃት አገር በሚኖሩ አነስተኛ ገበሬዎች ዘንድ፣ መጠቀም ሊቀር እንደሚገባ ይናገራል። የደንቡን ሐሳብ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ገበሬው ልብሱን ይልመድ አይልም፤ ልብሱን የሚጠይቀው ኬሚካል ይቅር ነው የሚለው። ኢትዮጵያም የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ን በማውጣት የመቆጣጠር ሥልጣንና ግዴታ የመንግሥት መሆኑን አጽንታለች። እንግዲህ ሕግ ያለበት ጉዳይ ሥልጠና ብቻ ሲሰጥበት፣ የተቆጣጣሪው ሥራ ለተጠቃሚው ተላልፎ ተሰጠ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የስሪላንካ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። በዚያች ደሴት በጸረ ተባይ መርዝ የሚጠፋው ሕይወት ለብዙ ዓመታት ከፍተኛ ሆኖ ኖሯል። አገሪቱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑትን ኬሚካሎች ደረጃ በደረጃ ከገበያ አስወጣች። በተከታዮቹ ሃያ ዓመታት በአገሪቱ ራሱን የሚያጠፋው ሰው ከሕዝቡ አንጻር ያለው ምጣኔ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቀነሰ፤ የእርሻ ምርቱም በእገዳው ምክንያት አልወደቀም። የስሪላንካ ሕዝብ ቀድሞም ቢሆን በእስያ በንባብ ችሎታው ከሚጠቀሱት አንዱ ነበር። ያ ሁሉ ንባብ ያላስቀረውን ሞት አንድ የክልከላ ዝርዝር አስቀረው።

ሌላም ነገር አለ። ከፎገራ ማሳ የተነሣው ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ከዚያም ርቆ ይሄዳል። በቅርጫቷ ይዛው የምትገባው የከተማ እመቤት፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ብትሆንም፣ በቲማቲሙ ልጣጭ ላይ የቀረውን ኬሚካል በዓይኗ አታየውም፤ በምላሷም አታውቀውም። የምግብ ቅሪትን የሚያነበው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ስለዚህ «ማንበብ የማይችለው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ያለው ትክክለኛ መልስ፣ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚቀርበውን አትክልት አዘውትሮ የሚመረምር ሥርዓት ያላቆመው ተቋም ነው የሚል ይሆናል።

ይህን ሙግት የሚቃወም ሰው፣ ኬሚካል አዲስ ነገር ስለሆነ ገበሬው አላወቀውም፣ ቢያውቀው ኖሮ ይጠነቀቅ ነበር ሊል ይችላል። ፎገራ ግን ለዚህም ከኬሚካሉ በፊት የነበረ መልስ አላት፤ መልሱም ጓያ ነው። ጓያ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ብቻ የሚበቅል፣ ዝናብም ሲያጥር፣ ውሃም ሲተኛ የሚችል የጥራጥሬ ዓይነት ነው። በውስጡ ግን ኦዳፕ የተባለ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለበት፤ ለተከታታይ ወራት የምግቡ ትልቁ ድርሻ ጓያ የሆነበት ሰው እግሮቹ በማይመለስ ሁኔታ ይያዛሉ፣ በምርኩዝም ይሄዳል፤ ሕክምናም የለውም። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠሮች ባደረጉትና በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሽታው በአካባቢው በስፋት መኖሩን ለዓለም የሕክምና ማኅበረሰብ አሳውቀዋል።

ይህን አደጋ የሜዳው ሰው አላወቀም ነበርን? በደንብ ያውቀዋል። «ጓያ የሰበረው» የሚለው አነጋገር ራሱ የሕመሙ ምክንያትና ውጤት በሁለት ቃል የተቀመጠበት የሕዝብ ምርመራ ነው። ጓያውን ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ እንፋሎቱን መሸሽ፣ ከሌላ እህል ጋር ማደባለቅ የቆየ ልማድ ነው። እንፋሎቱ ይጎዳል የሚለው እምነት በሳይንስ ባይደገፍም፣ መዘፍዘፉና ውሃውን መድፋቱ ግን የመርዙን መጠን በእርግጥ ይቀንሳል፤ የመደባለቁም ጥቅም እንዲሁ ነው። ታዲያ ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው ለምን ተሰበረ? ሰብል በጠፋበት ዓመት በጎተራው የቀረው ጓያ ብቻ ስለነበረ ነው። ዕውቀቱ ነበረው፤ አማራጩ አልነበረውም። በችጋር ዘመን ለዚያ ሰው ስለ ጓያ ጉዳት ግንዛቤ ማስጨበጥ፣ ረኃቡን ሳይነኩ ጥፋተኛነትን መጨመር ነው። በዛሬው ማሳ ላይ መርጫ ያዘለው ሰውም ከጓያ በላተኛው ያለው ርቀት ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ ሽንኩርቱ በተባይ ከጠፋ የሞተር ኪራዩን፣ የዘሩንና የማዳበሪያውን ብድር የሚከፍልበት ሌላ ነገር የለውም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕውቀት የሚጎድለው በተቃራኒው ወገን ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. ከፎገራ በስተሰሜን በሚዋሰነው ሊቦ ከምከም ወረዳ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት እየከሱና ሆዳቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር። የጤና ሥርዓቱ በመጀመሪያ የጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባን ነበር፤ ሜዳው የታወቀ የወባ አገር ነውና። ሕመሙ ግን ካላዛር ነበር፤ ይኸውም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና መተማ ቆላ ይወርዱ የነበሩ ሠራተኞች በሽታውን ይዘው ሳይመለሱ እንዳልቀሩ፣ የመረሬው ስንጥቅና ግራሩም ለዝንቡ እንደተመቹት በኋላ ተጠናቷል። ሕዝቡ «የወባ ኪኒን አላዳነንም» እያለ ይናገር ነበር፤ ይህ የወረቀትና የእርሳስ ጽሑፍ ባይሆንም ግልጽ ጽሑፍ ነበር። በጊዜው ያላነበበው የምርመራ መሣሪያና የዓይን ልምድ ያልቀረበለት የጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ ወረርሽኝ የሚጻፍ ሪፖርት «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ቢጀምር ሐቁን ገልብጦ ያስቀምጣል።

በፎገራ ቴክኖሎጂ በመልካም ሁኔታ የሰፈነበት ታላቅ ምሳሌ ደግሞ ሩዝ ነው፤ የሰፈነውም ያለ ግንዛቤ ዘመቻ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝን አስተዋወቁ። የደርግ መንግሥት ወድቆ ማኅበራቱ ሲፈርሱ፣ አዲሱ ሰብልም አብሮ መጥፋት በተገባው ነበር። አልጠፋም። ገበሬው ዘሩን አስቀረ፤ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ለሩዝ፣ ከፍ ያለውን ለሌላ ሰብል መደበ፤ ሩዙ ሲነሣ በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ማስከተልን ለመደ፤ ባለቤቱም የሩዝ ዱቄትን ከጤፍ ጋር ቀላቅላ እንጀራ ጋገረችበት፣ ጠላ ጠመቀችበት። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን የያዘው ከጅግና ቀበሌ ነው። መንግሥት ሩዝን «የሚሊኒየሙ ሰብል» ብሎ የሰየመውና ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልን ወረታ ላይ ያቋቋመው፣ ገበሬው ሩዙን የራሱ ካደረገ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ የፎገራ ገበሬ አዲስ ነገር መረዳት ያቅተዋል የሚል ሰው፣ በወረታ ሆቴል ለምሳ የቀረበለትን እንጀራ አላስተዋለም።

ሩዙ ግን መፈልፈያ አስከተለ፤ መፈልፈያውም ቺንጋ። ሞተሩን ከመፈልፈያው የሚያገናኘው ይህ የጎማ ማዞሪያ በብዙ ወፍጮ ቤት ያለ መከለያ በሠራተኛውና በደንበኛው መካከል ይሽከረከራል። ጥራጊው፣ የእህሉ ብናኝና ጩኸቱ ባለበት ጠባብ ክፍል፣ ነጠላ ያጣፋች ሴት የእህል ከረጢቷን ይዛ ተራ ትጠብቃለች። ለዚህ የተለመደው መፍትሔ «ሲሠራ ወደ ማሽኑ አትቅረቡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ቺንጋ ግን የተማረንና ያልተማረን አይለይም፤ የነጠላ ጫፍም ማስጠንቀቂያ አያነብም።

እንግሊዝ በ1844 እ.ኤ.አ. የፋብሪካ ሕጓን ስታሻሽል የገጠማት ጥያቄ ተመሳሳይ ነበር፤ በጥጥ ፋብሪካዎቿ የሚሠሩት ሴቶችና ሕፃናት ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበር። ሕጉ ሕፃናቱ ከቀኑ ከፊሉን ትምህርት ቤት እንዲውሉ አዘዘ፤ የሚሽከረከረው የማሽን ክፍልም እንዲከለል አዘዘ። ሁለቱም በአንድ ሕግ ውስጥ ተጻፉ፤ አንዱ ግን የሌላው ምትክ አልተደረገም። ትምህርቱ ለሕፃኑ፣ መከለያው ለማሽኑ ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስለ ማሽን መከለያ የተደነገገው ስምምነት ቁጥር 119 ደግሞ ከዚያ አልፎ፣ አደገኛ ክፍሉ ያልተከለለ ማሽን መሸጥና ማከራየት ራሱ እንዲከለከል ይደነግጋል፤ ኃላፊነቱንም በሻጩ፣ በአከራዩና በአምራቹ ላይ ያኖራል። የዛሬው የአማርኛ ሪፖርት ከ1844ቱ ሕግ አንዱን ግማሽ ብቻ ይዞ ሌላውን የረሳ ይመስላል።

ስለ ውሃ ሞተሩ የሚባለውም ከዚህ አይለይም። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር በጥልቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ወይም ውስጥ ሲቀመጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ጉድጓዱን ይሞላል፤ ወደ ታች የወረደውንም ሰው ሳያስጠነቅቅ ይገድለዋል። ገበሬው ሞተሩን ለምን ወደ ታች ያወርደዋል? ሳቢ ፓምፕ ውሃን የሚያነሣው የአየር ግፊት ከታች ስለሚገፋው ነው፤ የአየር ግፊት ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ እስከ 10 ሜትር የሚደርሰው የመሳብ ወሰን በፎገራ ከፍታ በስሌት ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በቧንቧው ፍጭትና በማሽኑ ድካም ምክንያት በተግባር ከዚያም ያነሰ ነው። በበጋው መጨረሻ ውሃው ከዚህ ወሰን በታች ሲሸሽ፣ ፓምፑን ወደ ውሃው ማቅረብ ብቻ ይቀራል። ሞተሩን ያወረደው ገበሬ የፊዚክስን ሕግ በትክክል አንብቦታል፤ ያላነበበው ለዝቅተኛ አገር የተሠራን ማሽን ለከፍታ አገር ጉድጓድ ያስመጣው ነው። ሞተሩ ከላይ ቀርቶ ውሃ ውስጥ በሚሰምጥ የኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ቢተካ አደጋው ያለ አንድ ቀን ሥልጠና ይጠፋል።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ትምህርት ሕይወትን ያረዝማል፤ የተማረች እናት ልጆች የማደግ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ በብዙ አገር ተረጋግጧል። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 69 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የሚያሳፍር ክፍተት ነው፤ መሞላትም አለበት። ነገር ግን ንባብ የሚያድነው እንዴት ነው? የተማረች እናት ከልጅዋ ሕመም ጋር ስትታገል የሚጠቅማት ያነበበችው ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙን መልሳ መጠየቅ መቻሏ፣ የማይረባውን እምቢ ማለቷ፣ አቤቱታ መጻፏ ነው። ንባብ የሚጠብቀው ሰውን ጠያቂ ስለሚያደርገው ነው። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚሉት ግን ተቃራኒውን ነው የሚሠራው፤ ሰሚውን ታዛዥ ተማሪ፣ ተናጋሪውን የማይጠየቅ መምህር ያደርጋል።

ንባብም በዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነው ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ሁለቱም የሚገኙት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነው፤ ከነምልክቱ አንድ መጽሐፍ በቃል ለመያዝ ዓመታት የሚፈጅ ተማሪ ያፈራ አገር በፊደል ፍርሃት አይታማም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ለአገሪቱ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አስገኝቶላታል፤ ገበሬውም ከእርሻው ተመልሶ በማታ ፊደል ቆጥሯል። ከዚያ በኋላ ለዚያ አዲስ አንባቢ በቋንቋው የተጻፈ ምን ደረሰው? የማሽኑ መመሪያ በቻይንኛ፣ የኬሚካሉ ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ የብድሩ ውል በሕግ ሰው አማርኛ። ሰውን ፊደል አስተምሮ የሚያነበውን መንሳትና ከዚያ አያነብም ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

በአንጻሩ ለሰሚው ታስቦ የተሠራ ነገር ሲመጣ ገበሬው አልሸሸውም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው 8028 የስልክ መስመር፣ ደዋዩ ያለ ክፍያ በአገሩ ቋንቋ የሰብል ምክር በድምፅ የሚሰማበት ነው፤ ማንበብ የማይችለውም ይጠቀምበታል። ይህ ማለት መሣሪያው ወደ ሰውየው ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ዕቅድ የዲጂታል ክህሎት ጉድለትን ከዋና እንቅፋቶች ቆጥሮት ነበር፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ግን በወረታ ያለው መሐንዲስና ከጎኑ ያለው ፊደል ያልቆጠረ ጎረቤቱ እኩል ሆኑ። ክህሎት ሁሉን አይከፍትም፤ በር የሚዘጋው በሌላ እጅ ነውና።

የግንዛቤ ትምህርቱ ከየት እንደመጣም ማወቅ ይጠቅማል። በ1931 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኸርበርት ሃይንሪክ ስለ ኢንዱስትሪ አደጋ በጻፈው መጽሐፍ ከመቶ አደጋ 88ቱ የሚደርሱት በሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት ነው አለ። ቁጥሩ ለአሥርት ዓመታት እንደ ሕግ ተጠቀሰ። የተወሰደው ግን በአብዛኛው አሠሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ከሞሏቸው ቅጾች ነበር፤ ቅጹን የሚሞላው ሰው ጥፋቱን በራሱ ማሽን ላይ እንዲጽፍ መጠበቅ አይቻልም። ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ሙያ አካሄዱን ገልብጧል፤ ዛሬ በየአገሩ የሚያስተምረው የቅደም ተከተል ሥርዓት አደገኛውን ነገር በማስወገድ ይጀምራል፣ ካልተቻለ ይተካል፣ ካልተቻለ ይከልላል፤ ሥልጠናና ጭንብል ከመጨረሻዎቹ ተራ ናቸው። የኢትዮጵያ የሥልጠና አዳራሽ ግን ዛሬም የ1931ዱን ቅጽ ይሞላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሥልጠና አበል ያስገኛል፣ ፎቶ ይነሣበታል፣ «ለዚህን ያህል አርሶ አደር ግንዛቤ ተፈጠረ» ተብሎ ቁጥር ይመዘገብበታል፤ አንድ አስመጪን መከልከል ግን ከሰው ጋር ያጣላል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የበጋ መስኖ ሥልጠና የሚያቅድ ሁሉ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ወደ ወረታ የኬሚካል ሱቆች ገብቶ ኬሚካሉ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ መሸጡ ቆሞ እንደሆነ፣ ለአንድ ትንሽ ማሳ የሚበቃ የታሸገና በአማርኛ የተጻፈ መጠን ቀርቦ እንደሆነ ይመልከት፤ አልቆመም፣ አልቀረበም ከሆነ ሠልጣኙ ሻጩና ተቆጣጣሪው መሆናቸውን ይወቅ። ከዚያም ወደ አንዱ ወፍጮ ቤት ይለፍ። ለአንድ ቺንጋ መከለያ የሚያስፈልገው ቁራጭ ላሜራና ጥቂት ብየዳ ነው፤ በወረታ ያለ በያጅ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።